ሾተሉ ነው ደካማ ወይስ አያያዛችን?
የጌም ገጽ፦ እናንተ ትጠይቃላችሁ እኛ እንመልሳለን

ሰላም የጌም ገጽ ቤተሰቦች! ባለፈው እትም ስለ ዘ አፍሪካን ኪንግደምስ የሚሰማችሁን ጻፉልን ብዬ ነበር፣ ጻፋችሁም፣ አንዳንዶቻችሁማ አራት ገጽ ሙሉ ነው የጻፋችሁት፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ፣ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 በ1999 የወጣ ሪል ታይም ስትራቴጂ ጌም ነው፣ ማለትም ተራ መጠበቅ ሚባል ነገር የለም፣ አንተ እንጨት ስታስቆርጥ ጠላትህም እዛ ማዶ እያስቆረጠ ነው፣ ቀድሞ የደረሰ ይመታል። አፍሪካን ኪንግደምስ ደሞ ኖቬምበር 2015 ላይ ለኤችዲው (ታድሶ ለወጣው ቅጂ) የወጣ ኤክስፓንሽን፣ ማለትም ተጨማሪ ክፍል፣ ሲሆን አራት ሲቪ (ምትመርጠው ሕዝብ ወይ ሀገር) ጨመረ፣ ኢትዮጵያ፣ ማሊ፣ በርበርና ፖርቹጋል። አስር ዓመት አለፈው ግን እናንተ እንደ ትላንት ነው ምትከራከሩበት፣ እኔም እንደዛው። (ዓመተ ምህረት ብዬ ካልጻፍኩ ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ያለሁ የ4ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ዶርም ውስጥ አምስት ልጆች ነን ምንጫወተው፣ እኔ ሁሌም ኢትዮጵያን ነው ምይዘው፣ ግን ሾተሎቼ (የኢትዮጵያ ልዩ ሰይፈኞች) ከካስል፣ ከምሽጉ፣ ወጥተው ትንሽ እንደሄዱ በቀስት ይረግፋሉ። ጓደኞቼ የሀገርህ ወታደር ወረቀት ነው እያሉ ያበሽቁኛል። እውነት ሾተል ደካማ ዩኒት ነው? ሰሪዎቹ ናቸው የበደሉን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አብዛኞቻችሁ የጻፋችሁልኝ ይሄንኑ ነው ስለዚህ ረጋ ብዬ ልመልሰው። መጀመሪያ ቁጥሩን እንየው። ኤክስፓንሽኑ ሲወጣ የሾተል አታኩ (ምቱ) 16፣ ሄልዙ (ነፍሱ) 40፣ አርመሩ (መከላከያው) ዜሮ ነበር። አጠገቡ ናይት፣ ፈረሰኛውን፣ አቁም፣ ናይት አታኩ 10 ነው፣ ሄልዙ ግን 100። ሾተል መምታት ይችላል መመታት ግን አይችልም ማለት ነው። አንተ ደሞ ከደብዳቤህ እንደገባኝ ልክ እንደ ናይት ፊት ለፊት ነው ምትልካቸው፣ ሜዳ አቋርጠው ቀስተኛ ወዳለበት፣ ያኔ በርግጥ ይረግፋሉ፣ ማንም ቢሆን በዛ ሄልዝ ይረግፋል።

አሁን ሌላውን ቁጥር እይ። አንድ ናይት ከስቴብል (ከፈረስ ቤቱ) ለመውጣት 30 ሰከንድ ይፈጅበታል፣ ሾተል 8 ሰከንድ ነው። ዋጋው 50 ምግብና 35 ጎልድ ነበር፣ ናይት 75 ጎልድ ይበላል፣ ስለዚህ በአንድ ናይት ጎልድ ሁለት ሾተል አለህ። ፍጥነቱ ደሞ ለእግረኛ ከባድ ነው፣ 1.2፣ ተራው ሰይፈኛ 0.9 ነው ሚሄደው። ፈጣን፣ ርካሽ፣ ቶሎ ሚወጣ፣ ምቱ ከባድ፣ ቆዳው ስስ። እንዲህ አይነት ወታደር ሲሰጥህ ሰውዬው እየነገረህ ያለው በፊት ለፊት አትምጣ ነው፣ በጓሮ ግባ።

እኔ ሁሌ ማረገውን ልንገርህ። ስምንት ሾተል አወጣና በጫካው ጀርባ አዙሬ ጠላት እንጨት ሚያስቆርጥበት አጠገብ አቆማቸዋለሁ፣ ምንም ሳያረጉ ዝም ብለው ይቆማሉ። ከዛ ቀስተኞቼን በዋናው መንገድ አስጠጋና ጠብ እጀምራለሁ፣ ሰውዬው አይኑም እጁም እዛ ይሄዳል፣ ሚኒማፑ ላይ ቀይ ሲበራ ሁሉም ሰው እዛ ነው ሚያየው። በዛች ሰከንድ ሾተሎቹን እንጨት ቆራጮቹ ውስጥ እለቃቸዋለሁ። ሉም (ሰራተኛን ሚያጠነክር ቴክኖሎጂ) ያላጠና ቪሌጀር፣ ማለትም ሰራተኛ፣ 25 ሄልዝ ነው ያለው፣ ሁለት ምት አይችልም። ሉም ያጠናም ቢሆን ሦስተኛው ላይ ይወድቃል። ሰውዬው ጩኸቱን ሰምቶ ስክሪኑን እስኪመልስ ስድስት ሰባት ሰው ጨርሰሃል፣ ደንግጦ ቀስተኞቹን ወደ ኋላ ሲጠራ ደሞ ፊት ለፊት ያሉት ያንተ ቀስተኞች ከጀርባ ያጭዱለታል። ከስምንቱ ሾተል አምስቱ ቢሞቱ እንኳን አትርፈሃል ምክንያቱም እሱ የሞተበት ሰራተኛ ነው ያንተ ግን በ8 ሰከንድ ሚተካ ወታደር ነው። ራምና ማንጎኔል (በር ሰባሪና ድንጋይ ወርዋሪ መሳሪያ) ሲመጣብህም እንደዛው፣ እየሮጡ ገብተው ይቀጠቅጡታል።

በነገራችን ላይ እውነተኛው ሾተል ራሱ ለዚህ ነው የተሰራው። እንደ ማጭድ የታጠፈው ዝም ብሎ ለማማር አይደለም፣ ጋሻ ይዞ ከፊትህ የቆመን ሰው በጋሻው ጠርዝ ዞሮ እንዲያገኘው ነው። ስለዚህ ሰሪዎቹ በደሉን ብዬ አላምንም፣ እንደውም መሳሪያው ገብቷቸዋል ባይ ነኝ፣ በጋሻው ዙሪያ ዞሮ ሚመታ ሰው ነው የሰጡን። አንድ የማልስማማው ግን አለ፣ ካስል ላይ ሮያል ኤርስ ምትባለዋ ቴክኖሎጂ መጀመሪያ ላይ የሾተልን መውጫ ሰዓት በግማሽ ነበር ምትቀንሰው፣ በኋላ በዲፊኒቲቭ ኤዲሽን፣ በአዲሱ ቅጂ፣ ጊዜ ቀየሯትና ሾተልና ግመል ከፈረሰኛ ሚደርስባቸው ጉዳት እንዲቀንስ አደረጉ። ለብዙ ሰው የተሻለ ሆነለት፣ ቁጥሩን ካየህ ልክ ናቸው፣ እኔ ግን ያ ካስል በር ላይ በየአራት ሰከንዱ አንድ አንድ እየዘለሉ ሚወጡት ነገር ይናፍቀኛል፣ ሲቪው ራሱን ሚመስለው ያኔ ነበር።

ጥያቄ፦ የኛ ሰው ሚታወቀው በጦርና በጋሻ በኋላም በጠመንጃ ነው። ታዲያ ጌሙ ለምንድነው ኢትዮጵያን የአርቸር፣ የቀስተኛ፣ ሲቪ ያረጋት? ከድሬዳዋ።

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ቀስት በሀገራችን አልነበረም አይባልም፣ ግን ደገኛውን የጦር ሜዳ ለብቻው ሚገልጽ መሳሪያ ነበር ብል እዋሻለሁ። እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩ ከኑብያ ጋር ተዳብሏል። ጥንታዊ ግብጾች ኑብያን የቀስት ምድር ነበር ሚሏት፣ በ7ኛው ክፍለ ዘመን አረቦች ወደ ዶንጎላ ሲመጡ ደሞ ኑብያዎቹ አይን እየለዩ ሚወጉ ቀስተኞች ተባሉ። ኑብያ በጌሙ የራሷ ሲቪ አልነበራትም፣ አንድ ኢትዮጵያ ናት ያለችው፣ ስለዚህ የጎረቤት ቀስት እኛ ትከሻ ላይ የተንጠለጠለ ይመስለኛል። ለታሪክ ሰው ያናድዳል፣ ለተጫዋች ግን ትልቅ ጸጋ ነው።

ምክንያቱም ቀስተኞቻችን ከሌላው 18 ፐርሰንት ፈጥነው ነው ሚተኩሱት። ከሱ በላይ ግን እኔ ምወደው ሰው ቶሎ ማያስተውለውን ነው፣ ኤጅ (ዘመን) በቀየርክ ቁጥር 100 ምግብና 100 ጎልድ በነጻ ይሰጥሃል። ፊውዳል፣ ሁለተኛው ኤጅ፣ እንደገባህ ያቺ 100 ጎልድ ምን እንደሆነች አስበው፣ አንድ አርቸር 25 እንጨትና 45 ጎልድ ነው፣ ስለዚህ ሌላው ሰው ጎልድ ማስቆፈር ሳይጀምር አንተ ሁለት አርቸር ወጥቶልሃል። ሬንጁን፣ ቀስተኛ ሚወጣበትን ቤት፣ ለመስራት 175 እንጨት ብቻ አዘጋጅተህ ጠብቅ። ፓይክማን ሚባለው የጦረኛ ማሻሻያም በነጻ ነው፣ ሌላ ሲቪ ለሱ 215 ምግብና 90 ጎልድ ይከፍላል፣ ያንተ ጦረኞች ካስል ኤጅ እንደገባህ ራሳቸው ይቀየራሉ፣ ናይት ይዞ ሚመጣብህን ሰው ፊቱን ማየት ነው። ጦርና ጋሻ አልክ አይደል? እዚህ ጋ ነው ያስቀመጡልህ። ፓላዲን፣ የመጨረሻው ከባድ ፈረሰኛ፣ ግን የለንም፣ በመጨረሻ ሰዓት በፈረስ ልጨርስ ካልክ ተሸንፈሃል፣ ወደ ሲጅ ወርክሾፕ፣ የከበባ መሳሪያ ቤት፣ ሂድ፣ ካስል ላይ ቶርሽን ኢንጅንስ ሚባለውን ቴክኖሎጂ አጥናና ኦናጀርህ (ድንጋይ ወርዋሪው) ሲወረውር ምን ያህል ቦታ እንደሚጠርግ እይ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሜሪላንድ ምኖር እናት ነኝ። የ11 ዓመት ልጄ ይሄን ጌም ይጫወታል። አንድ ቀን ወጥ እየሰራሁ ከሳሎን አማርኛ ሰማሁ፣ ማን መጣ ብዬ ብወጣ ለካ ጌሙ ነው፣ ደንግጬ ደስ አለኝ፣ አማርኛ ተናገር ስለው እምቢ ሚለኝ ልጅ ምን አለ ብሎ ይጠይቀኝ ጀመር። በኋላ ግን እማ ዮዲት በጣም ጎበዝ ናት፣ አክሱምን ያዝኳት አለኝ። እኔ ያደኩት ዮዲት ጉዲት ቤተ ክርስቲያን አቃጠለች፣ ሐውልት ጣለች፣ 40 ዓመት ሀገሩን አጠፋች እየተባልኩ ነው። እንዴት እሷን ጀግና አድርገው ለልጅ ይሰጣሉ? ላስቁመው ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ ሻሎም። ከእስራኤል ነው፣ የቤተ እስራኤል ልጅ ነኝ። አያቴ በ1991 በሰለሞን ዘመቻ ነው የመጣችው፣ ዮዲት የኛ ንግሥት ነበረች እያለች ነው ያሳደገችን። ካምፔኑን፣ ስለሷ ሚተርከውን የጌሙን ክፍል፣ ሳየው እንባዬ መጣ ማለት እችላለሁ። ግን አብረውኝ ሚጫወቱት ልጆች ተረት ናት፣ እንደዚህ ሚባል ሰው አልነበረም ይሉኛል። እውነቱ የቱ ነው?

መልስ፦ እናቴ፣ ወንድሜ፣ ሁለታችሁንም አብሬ ነው ምመልሰው ምክንያቱም የጠየቃችሁኝ ስለ አንዲት ሴት ነው፣ አንዳችሁ እየፈራችኋት አንዳችሁ እየናፈቃችኋት።

እንባህ እንደመጣ ስታወራ ገብቶኛል ወንድሜ። እኔ ልጅ ሆኜ ሰፈር ያለ ኮምፒውተር ቤት በሰዓት እየከፈልን ስንጫወት ሳራሴን፣ አረቦቹን፣ ነበር ምይዘው፣ ካሉት ውስጥ ለኛ ሰፈር ቅርቡ እሱ ነው ብዬ፣ ግመሉን እያየሁ አፋር ነው እያልኩ ለራሴ እነግር ነበር። ስንት ዓመት ቆይቶ ኢትዮጵያን መርጬ እንጨት ቆራጩን ስነካው በአማርኛ መለሰልኝ። አንዱን ቪሌጀር ስንት ጊዜ እንደነካሁት አልነግራችሁም፣ ጌሙን ረስቼ እሱን ብቻ ነበር ምሰማው። ስለዚህ እናቴ፣ ልጅሽ ምን አለ ብሎ የጠየቀሽ ቀን ትልቅ ቀን ነው፣ በዛ ምክንያት ብቻ እንኳን አታስቁሚው እላለሁ።

ዮዲት ነበረች ወይ? በ10ኛው ክፍለ ዘመን ኢብን ሐውቀል ሚባል አረብ ጂኦግራፈር ሀበሻን ሴት እንደምትገዛ ጽፏል። ከግብጽ ደሞ የእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ ውስጥ አንድ የሀበሻ ንጉሥ ለኑብያው ንጉሥ ጊዮርጊስ የላከው ደብዳቤ አለ፣ አንዲት ንግሥት ሀገሬን አጠፋችው፣ ቤተ ክርስቲያኖች ተቃጠሉ፣ ጳጳስ ስለሌለን ነው ይሄ ሁሉ የመጣብን፣ አማልደኝና ጳጳስ ይላክልን ሚል መልእክት ነው፣ ጊዜው ፓትርያርክ ፊላታዎስ በነበሩበት በዛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው። ስለዚህ ተረት ናት ለሚሉህ ልጆች ይሄን ንገራቸው፣ አክሱምን የመታች ንግሥት ነበረች። እምነቷ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ እነዚህ ሁለት የድሮ ምንጮች አይሁዳዊት ናት አይሉም፣ አገው ናት ሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፣ ከደቡብ ከዳሞት ናት ሚሉም አሉ። አያትህ የነገረችህ ከአፍ ወደ አፍ የመጣ የወገንህ ትዝታ ነው፣ ያም የራሱ ክብር አለው፣ ማንም እንዲነጥቅህ አትፍቀድ፣ ግን ወረቀት አምጣ ሲሉህ ወረቀቱ እስከየት እንደሚደርስ እወቅ።

እናቴ ደሞ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ሐውልቱን ሙሉ በሙሉ በሷ ላይ ማሳበብ ልክ አይመስለኝም። ካምፔኑ ውስጥ ስለተሰበሩት ሐውልቶች ሚሽን አለ፣ ልጅሽ እሱ ጋ ሲደርስ አብረሽው ቁጭ በይ። ትልቁ የአክሱም ሐውልት 33 ሜትር ነው፣ ወደ 520 ቶን ይመዝናል ይባላል፣ አርኪዮሎጂስቶች ሚሉት ሲቆም ሳይሆን አይቀርም የወደቀው፣ ዮዲት ከመምጣቷ ከስንት መቶ ዓመት በፊት። ወደ 24 ሜትር ሚሆነውን ደሞ የወሰደው የሙሶሊኒ ጦር ነው፣ በ1937፣ በ2005 ተመልሶ በ2008 ቆመ። አክሱምም እሷ ስትመጣ ጥንት የምናውቃት አክሱም አልነበረችም፣ የቀይ ባሕር ንግድ ከእጇ ከወጣ ቆይቷል፣ ሳንቲም መምታት አቁማለች።

ለምን ጀግና አረጓት ላልሽው፣ የዚህ ጌም ባህሪ ነው። በ1999ኙ ላይ ጄንጊስ ካን ነበር፣ በ2000 በወጣው ኮንከረርስ ደሞ አቲላ፣ የሮማ ቄስ ስለ አቲላ ቢጠየቅ አንቺ ስለ ዮዲት ያልሽውን ነው ሚለው። ታሪኩን ሚነግሩሽ በዘማቹ በኩል ሆነው ነው። ይሄ አያስከፋኝም። እኔን ሚያስከፋኝ ሌላ ነው፣ ለኢትዮጵያ አንድ ካምፔን ብቻ ሰጡ፣ አምስት ሚሽን፣ ያንንም ከሁሉም ትንሽ ለምናውቃት ሰው ሰጡት፣ ክፍተቱን በፈጠራ ሞሉት። ከጎኑ አፄ ካሌብ ቁጭ ብሏል፣ በ520ዎቹ መርከብ አሰናድቶ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን የዘመተ ንጉሥ፣ ባሕርም አለ፣ ማረፊያም አለ፣ ጦርነትም አለ፣ ጌም አርጉኝ እያለ ሚለምን ታሪክ ነው። አፄ ዓምደ ጽዮን አለ፣ ከ1314 እስከ 1344፣ የዘመቻው ዜና መዋዕል እስከ ዛሬ በእጃችን ያለ። የማሊዎቹን ሱንድያታን ተጫወቱት፣ ኪሪና ላይ በ1235 ሚደረገውን፣ ማሊዎች አያታቸው ሲተርክላቸው የሰሙትን ነው ያገኙት። እኛ ግን ገና ስንከራከርባት ያለችውን።

እንደዛም ሆኖ ሴት ልጅ ያላችሁ ሰዎች አንድ ነገር ጽፋችሁልኛል፣ ልጃችን መጀመሪያ የመረጠችው ዮዲትን ነው ብላችሁ። ይሄንንም ቆጥሬዋለሁ። እናቴ ልጁን ተዪው፣ ግን ካምፔኑ ሲያልቅ አንቺ ያደግሽበትን ንገሪው፣ የቅዱሳኑን በኩል፣ የሸሹትን ሰዎች በኩል፣ 11 ዓመት ሁለቱንም ለመስማት በቂ ዕድሜ ነው።

ጥያቄ፦ ሪያድ ነው ምሰራው። ባህር ዳር ላለው ታናሽ ወንድሜ ጌሙን ልገዛለት ፈልጌ ነበር፣ ግን የቱን እንደምገዛ ግራ ገባኝ፣ ላፕቶፑም አሮጌ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ ዲፊኒቲቭ ኤዲሽን ሚለውን ግዢለት፣ በ2019 የወጣው ነው፣ አፍሪካን ኪንግደምስ እዛው ውስጥ ስላለ ለብቻው አትከፍዪም። ግራፊክሱን ሚያሳምር ተጨማሪ ፓክ አለ፣ እሱን እንዳያወርደው ንገሪው፣ ግዴታ አይደለም፣ ዳታም ይበላል፣ ላፕቶፑንም ያንቀዋል። ኦንላይን ራንክድ (ደረጃ ሚሰጠውን ውድድር) ለመጫወት ቤንችማርክ ሚባል ፈተና ኮምፒውተሩ ማለፍ አለበት፣ ካላለፈ ካምፔንና ከኮምፒውተር ጋር መጫወት ይችላል፣ አይከፋም። ከሌላ ሀገር በስቲም (ጌም ሚሸጥበት ድረ ገጽ) ጊፍት ስትልኪ ደሞ የሁለቱ ሀገር ዋጋ በጣም ከተራራቀ ሲስተሙ አያሳልፍም፣ ስለዚህ ብሩን ከመክፈልሽ በፊት የሱን አካውንት ጓደኛ አርገሽ ይላክ እንደሆነ እዪ። በፍላሽ ሚዞረውን ክራክ፣ የተሰረቀውን ቅጂ፣ አልመክርም፣ አንድ ፍላሽ ስንት ላፕቶፕ እንደሚያበላሽ በአይኔ አይቻለሁ፣ የዓመት ጽሑፏ የጠፋባት ልጅ አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ ከፍራንክፈርት። እኔ ምጫወተው ሦስተኛውን፣ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 3ን፣ ነው፣ ዘ አፍሪካን ሮያልስ ሚባለውን ኤክስፓንሽን። እዛ ላይ ነፍጠኛ ሚባል ወታደር አለ፣ ኦሮሞ ዋርየር ሚባል ፈረሰኛም አለ። ከኦሮሞ ጓደኛዬ ጋር ስንጫወት ሁለታችንም ዝም አልን። ሰሪዎቹ ሀገራችንን ያውቃሉ?

መልስ፦ አፍሪካን ሮያልስ ኦገስት 2021 ላይ ነው የወጣው፣ ኢትዮጵያንና ሐውሳን ይዞ። ቃሉን ከመነሻው ካየኸው ነፍጥ ጠመንጃ ነው፣ ነፍጠኛ ደሞ ጠመንጃ ያዥ፣ ሰሪዎቹ በዚህ ትርጉሙ ነው የወሰዱት፣ መዝገበ ቃላት ከፍተው ያገኙት ይመስለኛል። እኛ ጋ ግን ያ ቃል መዝገበ ቃላት ውስጥ አልቀረም፣ መሬት አለበት፣ ገባር አለበት፣ ስድብ ሆኖ ሰው ሞቶበታል። ስለዚህ ዝም ማለታችሁ ልክ ነው፣ ሰውን ሚያስተክዝ ቃል ነው። እኔ ብሆን ስሙን ባለ ጠመንጃ ወይም ሌላ ነገር እንዲሉት እጽፍላቸው ነበር፣ አንድ የሀገሩን ሰው ጠይቀው ቢሆን በአምስት ደቂቃ ይነግራቸው ነበር። ከጓደኛህ ጋር ግን ዝም ብላችሁ አትለፉት፣ አውሩበት።

በሌላ በኩል ሴባስቶፖልን፣ መድፉን፣ ሳየው ልቤ ነው የዘለለው። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ አውሮፓውያኑን ሚስዮኖች አስገድደው ያስቀለጡት፣ ወደ ሰባት ቶን ሚጠጋ፣ መንገድ እየተጠረገለት በሰው ጉልበት ተራራ ለተራራ ተጎትቶ መቅደላ የደረሰ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ራሳቸውን ሲሰዉ እዛው ነበር፣ ዛሬም እዛው አለ። ጌሙ ላይ ስታስወጣው ቀርፋፋ ነው፣ ይጎተታል ይጎተታል፣ ብዙዎቻችሁ በዚህ ተማርራችሁ ጽፋችኋል፣ እኔ ግን እንደዛ በመጎተቱ ነው ምወደው፣ አጠገቡ አጃቢ አቁሙለትና ታገሱት።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ፣ 17 ዓመቴ ነው። ኢትዮጵያና ፖርቹጋል አንድ ኤክስፓንሽን ላይ መውጣታቸው ገረመኝ። ኢማም አህመድን ሊወጋ የመጣውን የፖርቹጋሉን የክርስቶፎር ዳጋማን ጦርነት ራሴ መስራት እችላለሁ?

መልስ፦ ትችላለህ፣ ይሄን የጠየቀኝ ሰው በመኖሩ ደስ ብሎኛል! ጌሙ ውስጥ ሲናሪዮ ኤዲተር አለ፣ ኮድ መጻፍ አይጠይቅም፣ ማፑን በማውስ ትቀባለህ፣ ከዛ ትሪገር ምትባለዋን ትማራለህ፣ እንዲህ ሲሆን እንዲህ ይሁን ማለት ብቻ ናት።

የፖርቹጋሎቹ ካምፔን ስለ ፍራንሲስኮ ደ አልሜዳ ነው፣ እሱ በ1510 ሞቷል፣ ስለዚህ የኛን ታሪክ አይነካም፣ ቦታው ባዶ ነው፣ ያንተ ነው። በ1541 ከምጽዋ ጀምር፣ 400 ሰው ብቻ ስጣቸው፣ እውነተኛው ቁጥር ስለሆነ በጌሙ ልክ 40 አድርገው። ለኢማም አህመድ ጦር ለብቻው ሲቪ ስለሌለ ሳራሴንን ተጠቀም፣ ከኦቶማን የመጡለትን ባለ ጠመንጃዎች ደሞ በቱርክ ጃኒሳሪ ስራቸው፣ እነሱ ጌሙ ላይ ስላሉ ችግር የለም። ሁለተኛው ሚሽን ላይ ክርስቶፎር መሸነፍ አለበት፣ በ1542 ተማርኮ ነው የተገደለው፣ ተጫዋቹ እንዳያሸንፍ ሳይሆን የተረፉትን ይዞ እንዲያመልጥ አድርገው፣ ዓላማው ማምለጥ ይሁን። ከዛ የተረፉት ከአፄ ገላውዴዎስ ጋር ይገናኙና በ1543 የካቲት ላይ ወይና ደጋ፣ ኢማሙ ሚወድቁበት ውጊያ። አንድ ነገር ብቻ አደራ ልበልህ፣ ኢማም አህመድን የክፉ ሰው ፊት አትስጣቸው፣ በሐረርና በሶማሌ በኩል ጀግና ናቸው፣ እነሱ ጋም ይሄንን ሚጫወት ልጅ አለ። እንደውም ማፑን ከጨረስክ በኋላ ከሳቸው በኩልም ሚጫወት ሁለተኛ ቅጂ አድርግበት፣ ትሪገሩን ገልብጦ መስራት ነው፣ ሁለት ቀን ቢፈጅብህ ነው።

ሾተሎቹን ወይና ደጋ ላይ ከጫካው ጀርባ መደበቅ አትርሳ። ፋይሉን ስትጨርስ ላክልኝ፣ እኔ ተጫውቼው የት ጋ እንደተሸነፍኩ በሚቀጥለው እትም እዚሁ ገጽ ላይ እጽፋለሁ።